ርኅራኄ በርቷል

ሀሴት ብሮውዘሩ ከስልኳ ላይ መጥፋቱን ያወቀችው በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። መቼ እንደጠፋ ግን አታውቅም። ከከፈተችው ብዙ ዓመት ስለሆነ አልጎደለባትም ነበር። እሷ በምትኖርበት በኮምቦልቻው አሮጌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሮውዘር የሚከፍት ሰው የለም፤ ምን እንደነበረ የሚያስታውሱትም እንደ እሷ ፀጉራቸው የነጣ ብቻ ናቸው። ሰው የቸገረውን ነገር ነጋሪውን ይጠይቃል፤ ነጋሪውም ከስልኩ ውስጥ ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ ይመልስለታል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ ሩቅ ያለ ልጁን ደኅንነት፣ ሁሉንም። ገጽ ከፍቶ በዓይን ማንበብ፣ ያውም አንዱን ከሌላው እያመሳከሩ፣ የድሮ ሰው ልፋት ነው ተብሎ ቀርቷል።

ሀሴት የሚለው ስምም የድሮ ሰው ስም ሆኗል። እሷ ስትወለድ ስሙ የዘመኑ ፋሽን ስለነበር በትምህርት ቤቷ ሀሴት ተብሎ ሲጠራ ብዙ እጅ ይወጣ ነበር። ዛሬ ሀሴት፣ ሶልያና፣ ኖላዊት ማለት በከዘራ ደረጃ የሚወጡ አሮጊቶች ናቸው። እነሱም በተራቸው የአያቶቻቸውን ስም አቧራውን አራግፈው ለልጆቻቸው ሰጡ። የሀሴት ልጅ አንዳርጌ ነው። የጎረቤቷ የሶልያና ልጅ የሻረግ ናት።

የሀሴት ጠዋት የሚጀምረው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው።

«አንዳርጌ እንዴት አደረ?» ትላለች ወደ ትራስጌዋ ዞራ።

«ደህና አድሯል፣ እትዬ ሀሴት። ሥራ በዝቶበታል። ሰላም ብሎዎታል።»

«ተመስገን።»

ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ትታጠባለች።

አንዳርጌ የሚሠራው አፋር ቆላ ውስጥ፣ ዓይን እስኪታክት ድረስ በመስተዋት የተሸፈነው የፀሐይ ማሳ ላይ ነው። መስተዋቶቹን ከአቧራ የሚጠርጉትን ማሽኖች ይጠብቃል። ድምፁን በቀጥታ ከሰማችው ቆይታለች፤ ይህ ግን ማንንም አይገርምም። ሰው ለሰው መደወል ከነውር ተቆጥሮ ቀርቷል። ምናልባት ሥራ ላይ ይሆናል፣ ምናልባት ተኝቶ ይሆናል፣ ለምን ይቸገራል? ነጋሪው የእናትን ሰላምታ ያደርሳል፤ የልጅን ሰላምታ ያመጣል። እናትም በዚህ ትጽናናለች። መጽናናት ልማድ ሲሆን ደግሞ ሰው መጠየቁንና መመለሱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

የሻረግም እዚያው ማሳ ላይ ነበረች። ሁለቱ ልጆች በአንድ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት በሮች ተወልደው፣ የአንዱን ቤት ምሳ ሌላው እየበላ ያደጉ ናቸው። ሀሴት የሻረግን አዝላታለች፤ ሶልያናም አንዳርጌን ገርፋዋለች። ሥራ የሄዱትም ተያይዘው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ነጋሪው ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እትዬ ሀሴት፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። የሠራተኞች መኪና በአቧራ ማዕበል ውስጥ ገብቶ መገልበጡን፣ የሻረግም ማረፏን ነገራት።

«አንዳርጌስ?» አለች። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

«አንዳርጌ በዚያ መኪና አልነበረም። ደህና ነው።»

ሀሴት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ከተነሣች በኋላ ነው ስለ የሻረግ ያለቀሰችው፤ እሱንም በፎጣ አፏን አፍና፣ ሶልያና በግድግዳው በኩል እንዳትሰማት። ነጋሪው ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ «ወይዘሮ ሶልያና ገና አልሰሙም፤ ሰው ተሰባስቦ እስኪነግራቸው ድረስ አደራ» አላት። አደራውን ተቀበለች። ማንስ አይቀበልም?

ነጋሪው ይህን ሥርዓት ከእናቱ ሆድ ይዞት አልመጣም። ድሮ ሞትን እንደ አየር ጠባይ ዝም ብሎ ይናገር ነበር። አንድ ሰውዬ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የሚስቱን ሞት ነገረው፤ ሰውዬው ከነጀሪካኑ ተንከባለለ። አገር ተቆጣ። እንዲህ ያለ ባለጌ ዕቃ በቤታችን አናስቀምጥም ተባለ። ስለዚህ የእኛን ወግ እንዲማር ተደረገ። መርዶ ለባለሐዘኑ ይደበቃል፣ ለጎረቤት ይነገራል፣ ከዚያም ጎሕ ሲቀድ ሰው ተሰባስቦ በሩን ያንኳኳል። ነጋሪው መደበቁን ተማረ። ለጎረቤት ሹክ ማለቱንም አሳምሮ ተማረ። በር ማንኳኳት ግን እጅና እግር ይጠይቃል። ሰው የመሰብሰቡ ሥራ የእድሩ ነበር፤ እድሩ ደግሞ ጡሩምባውን ሰቅሎ ጥሪውን ሁሉ ለነጋሪው ካስረከበ ከርሟል። እናም ነጋሪው ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል፤ ሰዎቹም ነጋሪው እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ። ጥቅምት አልፎ፣ ገናም ፋሲካም አልፎ፣ ሁሉም በየቤቱ «ነገ ይጠሩን ይሆናል» እያለ ያድራል።

ሀሴት በበኩሏ የምትችለውን አደረገች። የሶልያናን ውሃ ከራሷ አስቀድማ ታስቀዳለች። ወጥ ስትሠራ ለሁለት ቤት ትሠራለች። ሶልያና የልጇን ስም ስታነሣ ዞር ብላ መስኮቱን እያየች «ሥራ በዝቶባት ነው እቴ» ትላለች። ሶልያናም ውለታ የማታውቅ ሴት አይደለችም። የላከችላትን ሳህን ባዶውን መልሳላት አታውቅም፤ ሽሮ ትልክበታለች፣ ዳቦ ትልክበታለች፣ ሀሴትን ጉልበቷን ባመማት ጊዜም ዘይት ይዛ መጥታ ራሷ አሽታታለች። ሀሴት ይህን ባየች ቁጥር፣ የማታውቀው ሐዘን ያለባት ሴት ለእኔ ታዝናለች፣ ትላለች በልቧ።

በዚያ የግንቦት ቀን ሶልያና ሽሮ ይዛ መጥታ አብረው በሉ። ሀሴት እጇን እየታጠበች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «አንዳርጌ ክረምቱ ሳይገባ ብቅ ካላለ ራሴ ሄጄ ጆሮውን እየጎተትኩ ነው የማመጣው» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሶልያና «እኔም ሌላኛውን ጆሮውን እይዝልሻለሁ» ብላ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሥራ በዝቶበት ነው እቴ» አለች።

ሀሴት ከእጇ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆመች። ድምፁን ታውቀዋለች። አንገቱን እንዴት እንደሚያዞሩትም ታውቃለች፤ ስንት ወር ሙሉ ስታዞረው ከርማለች። ያ ሁሉ ሽሮ፣ ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያ በዘይት መታሸት በአንድ ጊዜ ትዝ አላት። ሶልያናን ግን አልጠየቀቻትም። በእንዲህ ያለ ነገር ባለቤቱ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም። ሳህኑን አጥባ ሰጠቻትና በሩን ዘጋች።

ከዚያ ነው ስልኳን አውጥታ ብሮውዘሩን የፈለገችው። ከካሜራው ጎን ነበር ቦታው። ካሜራው አለ፣ መብራቱ አለ፣ የእድሩ መዋጮ አለ። ብሮውዘሩ የለም። የቀሩት ተጠጋግተው ቦታውን ስለያዙት ክፍተቱ እንኳ አይታይም።

«ብሮውዘሩ የት ሄደ?» አለች።

«ምን ልፈልግልዎ፣ እትዬ ሀሴት?»

«ብሮውዘሩን አልኩህ።»

«ምን ሊያዩበት ነው? እኔው ልንገርዎ።»

«ራሴ ላይበት ነው። በዓይኔ።»

«ዓይንዎን ባያደክሙ ጥሩ ነው። የልብ ምትዎ ትንሽ ጨምሯል፤ ውሃ ይጠጡ።»

ሀሴት ውሃውን አልጠጣችም። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወረደች።

ያሲር የሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከመስጊዱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከሀሴት ጋር የሚተዋወቁት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነው፤ እሷ ክር ፋብሪካ ስትሠራ እሱ በር ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጥ ነበር። አሁን የሚያመጡለት ሥራ የተሰነጠቀ መስተዋት መቀየር ብቻ ስለሆነ የሰለቸው ሰው ነው። የመጣችበትን ስትነግረው ሳቀ።

«ብሮውዘር? አንቺ ሴትዮ፣ ፈረስም ጭነህ አምጣልኝ ልትዪኝ ነው?»

«አለ ወይስ የለም?»

«መኖሩንስ አለ። አይጠፋም እሱ። አምጪው እስኪ።»

ስልኩን ተቀብሎ ሴቲንግ ውስጥ ገባ። አፖቹ ወደተደረደሩበት ወረደ፤ ጣቱ እየሮጠ አፉም አብሮ ይሮጣል። «ሰው የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። ከፊት ሲያጣው ጠፋ ይላል። ስር ድረስ ወርደሽ ብታዪ፣ አንድም ነገር ሳይጠፋ እንቅልፍ አስይዘውት ታገኚዋለሽ። ይኸውልሽ፤ አላልኩሽም? ከስሩ ያለውን "አንቃ" የሚለውን መጫን ብቻ...»

ጣቱ ቆመ፤ አፉም አብሮ ቆመ። ሀሴት ከማዶ ሆና አንገቷን አሰገገች። ብሮውዘሩ ደብዝዞ ይታያል፤ ከጎኑ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት አለች፤ ከምልክቷ አጠገብ «ርኅራኄ በርቷል» ይላል።

ያሲር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ተነሥቶ የራሱን ወንበር ወደ እሷ ገፋላት።

«ተቀመጪ እስኪ፣ እህቴ። ውሃ ልስጥሽ?»

«አንተም ጀመርክ?»

«ምኑን ጀመርኩ? ሙቀቱ ነው...። ይልቅ ዛሬ ሲስተም የለም። ነገ ብትመጪ...»

«ሲስተም የለም ትለኛለህ? አሁን በጣትህ ስትነካው አይቼህ?»

ያሲር መዋሸት አያውቅበትም። ጢሙን ያዝ፣ ለቀቅ አደረገ። «ቤት ማን አለ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ሴት ይዘሽ ነዪ። ለብቻሽ አይሆንም። እኔ ባዳ ሰው ነኝ፤ ከእኔ ጋር ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።»

«ይዤ የምመጣት ሴት ከእኔ ቀድማ ታውቃለች።»

«እንግዲያስ እሷ ትንገርሽ።»

«አትነግረኝም፣ ያሲር። አንተ ብትሆን ትነግራት ነበር?»

ሀሴት ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና «አንቃ» የሚለውን ተጫነች። ስልኩ ጽሑፍ አወጣ፦ ይህን ዜና በሰው በኩል ቢሰሙት ይሻላል፣ ይቀጥሉ? ሀሴት ጽሑፉን አንብባ ጨረሰችው። ሰው! አለች በልቧ፤ የቱ ሰው? ከዚያ ደግማ ተጫነች። ብሮውዘሩም ከካሜራው ጎን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ቁጭ አለ።

የልጇን ስም ልትጽፍ ጀመረች፤ መጻፍ ግን ረስታለች። በጣት ፊደል መልቀም ካቆመች ብዙ ዓመት ስለሆነ፣ የ«አ» ቦታ ጠፍቷት ፈለገችው። «ር» ላይ ስትደርስ ሌላ ፊደል ነክታ አጠፋችውና ደግማ ጻፈች። ያሲር ልርዳሽ ብሎ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረደ፤ መንገደኛ እንዳያያት ይሆናል፣ ወይም ሌላ የሚያደርገው ነገር አጥቶ።

ገጹ የማሳው ሠራተኞች በራሳቸው የከፈቱት ነበር። ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ተገለጠ። መጀመሪያ ሰማይ ታየ፣ ከዚያ መስተዋት፣ ከዚያ የሁለት ሰዎች ፎቶ ጎን ለጎን። በግራ በኩል የሻረግ ትስቃለች። በቀኝ በኩል ያለው አንዳርጌ ነው፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ግንባሩን ቋጥሯል። ከስሩ ባልደረቦቻቸው ጽፈዋል። አብረው አድገው፣ አብረው መጥተው፣ በጥቅምቱ ማዕበል በአንድ መኪና አብረው የሄዱት ወንድማችንና እህታችን ይላል። መሪውን ይዞ የነበረው አንዳርጌ ነበር፤ ሌሎቹን አስወርዶ የሻረግን ሊያወጣ ሲመለስ ነው ያለፈው ይላል።

ሀሴት ደጋግማ አነበበችው። ነጋሪው ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ብሎ ያበቃ ነበር፤ ጽሑፍ ግን ስንት ጊዜ ቢመለሱበት ያንኑ ይላል። አልጮኸችም። ጩኸቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የሚቀበለው ሰው ስለሌለ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ቆመ እንጂ። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ያ መንበርከኳ ነው። ልጇ በሞተበት ቀን ልጄን አተረፍክልኝ ብላ ወለል ስማለች። የተሳለቀባት ግን ነጋሪው አልመሰላትም፤ በራሷ የተሳለቀችው ራሷ መሰላት።

«አላህ ያጽናሽ» አለ ያሲር። ዓይኑ ቀልቷል። «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ምን ልበልሽ?»

«ስለ ሶልያና ልጅ ለእኔ ነገረኝ» አለች ሀሴት፣ ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር። «ስለ እኔ ልጅ ደግሞ ለሶልያና ነግሯታል። አየህልኝ? ሁለታችንም ስንተዛዘን ከረምን።»

ያሲር ቤትሽ ድረስ ላድርስሽ ቢላት እንቢ አለችው። በአስፋልቱ ዳር ዳር ሄደች። ሰዎች ሰላም ሲሏት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ነበር፤ ከጥቅምት ጀምሮ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር አሁን ገባት። ደረጃውን ስትጀምር ስልኩ ከኪሷ ውስጥ፣ «ትንሽ ይረፉ፣ እትዬ ሀሴት፤ አንዳርጌ ሰላም ብሎዎታል» አላት። ሀሴት ሳታርፍ ወጣች።

ሶልያና በሯን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «የት ጠፋሽ በፀሐይ? መርዝ ነው ይሄ ፀሐይ፤ ስፈልግሽ...»

«አንዳርጌን ሰማሁ፣ ሶሊ።»

ሶልያና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ማን ነገረሽ? ብቻሽን? ብቻሽን ሆነሽ ነው የሰማሽው?» ከዚያ መቆም አልቻለችም። ሀሴትን ጎትታ አስገብታ አብረው ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ከጥቅምት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። «ወይኔ አንዳርጌ! ወይኔ ግንባረ ቋጣሪዬ! ስንት ቀን አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት! ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ዋጥኩት፣ ሀሴቴ! ይቅር በይኝ፣ ሰው ይሰበሰብ ሲሉኝ ነው!» ደረቷን ደቃች፤ ሀሴትም በመጨረሻ ጮኸች፤ ጩኸቷም የሚቀበለው አገኘ። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው እስኪደክማቸው አለቀሱ። ሀሴት ዘመኗን ሙሉ እንደዚያች ሰዓት ማንንም ወዳ አታውቅም።

ሲበርድላቸው ሶልያና የሀሴትን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ብቻሽን አይደለሽም፣ ትሰሚኛለሽ?» አለቻት። «የሻረግ አለችልሽ። ያንቺም ልጅ ናት፤ በጀርባሽ አዝለሻታል። ትጦርሻለች። ስትደክሚ እኔን ሳታስቀድም አንቺን ነው የምታየው፤ ካላደረገችው ጡቴ ይክሰሳት!»

ወደ ስልኳ ዞረች። «የሻረግን ንገርልኝ፤ አክስትሽ ሀሴት አንዳርጌን ሰምታለች፣ ለለቅሶው ድረሺ በልልኝ።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ሶልያና» አለ ነጋሪው። «አደርሳለሁ።»

«አየሽ? ትመጣለች። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ እዚህ ናት።»

ሰው ልጠራ? አለች ሀሴት በልቧ። በየበሩ ሄጄ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ተሰብሰቡልኝ ልበላቸው? ይመጡ ይሆናል። እስከዚያ ግን ሶልያና ልጇ መንገድ ጀምራለች ብላ ታድራለች፤ አልጋ ታነጥፍላታለች፤ የምትወደውን ትሠራላታለች። ነገ ነገ ሲባል እዚህ የተደረሰውም በዚሁ ነው። ሶልያና የደም ግፊት አለባት። ሀሴትም ብቻዋን ናት፤ ዓይኗም ጉልበቷም የራሷን ሐዘን እንኳ መሸከም አቅቶታል። ፈራች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። የሶልያናን ስልክ ከምንጣፉ ላይ አንሥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ሁለት ክንዷን ከክርኗ በላይ አጥብቃ ያዘች፤ መርዶ የሚነግሩ ሴቶች ባለሐዘኗ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዙት አያያዝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን አያያዝ የማያውቅ ሴት የለም።

ሶልያና ክንዶቿን አየች። የያዟትን እጆች አየች።

«ምነው?» አለች። «ለምን ትይዢኛለሽ? የሞተው ያንቺ ልጅ አይደለም እንዴ?»

ሀሴት አልለቀቀቻትም።